መንጋጋዬ ዘውድ ደፋ

አንባቢ ሆይ፣ ለመሆኑ ቆሎ ስትቆረጥም አንዲት ጠጠር በመንጋጋህ መካከል ስትገባ የምታሰማውን ድምፅ ታውቀዋለህ? ካላወቅኸው ዕድለኛ ነህ። ካወቅኸው ግን ከዚህ በታች የምጽፈው ለአንተ ነው።

እኔ በደብረ ታቦር ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነኝ። ባለፈው ጥር ወር በዕረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል ተቀምጠን፣ ከቤት የመጣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ስንጫወት፣ በግራ በኩል ያለችው የታች መንጋጋዬ «ቀጭ» አለች። ጓደኞቼ ድምፁን ሰምተው ሣቁ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። እጄን ወደ አፌ ሰድጄ ብፈልግ አንዲት ጠጠርና የራሴን ጥርስ ስባሪ ባንድነት አገኘሁ። ያን ጊዜ ሣቄ ቆመ።

በእኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ገብሱም ሽምብራውም በአውድማ ላይ በበሬ እየተበራየ ከመሬት ይሰበሰባል፤ የቱንም ያህል በሰፌድ ቢበጠርና በእጅ ቢለቀም ጠጠር አያጣም። የጉና ተራራ ብርድ የሚነፍስበት የደጋ ሰው ደግሞ ያለ ቆሎ አይውልም።

በመጀመሪያው ሳምንት ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ብቻ ነበር የሚያመኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ ሌሊት ይቀሰቅሰኝ ጀመር። ምክርማ ሞልቷል! አንዱ ቅርንፉድ ያዝበት አለኝ፤ ሌላው ነጭ ሽንኩርት፤ ሦስተኛው በአረቄ ተጕመጥመጥ አለኝ። (ይህ ሦስተኛው ምክር በጎረቤቶቼ ዘንድ ብዙ ደጋፊ አለው።) አክስቴ ደግሞ «ወንዛዬ ውረድ እንጂ፤ ፍል ውሃው ያላዳነው ምን አለ?» አሉኝ።

ወንዛዬ በደራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ ዳር የሚገኝ፣ በደቡብ ጎንደር ሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ፍል ውሃ ነው። ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የታመመው ሁሉ ከሩቅ እየመጣ ይታጠብበታል፤ ሰንብቶም ይመለሳል። እኔም አንድ ቅዳሜና እሑድ ሄጄ ታጠብሁ። እውነቱን ልናገርና ወገቤና ትከሻዬ እንደ አዲስ ሆኑ። ጥርሴ ግን የዚያን ሌሊት ከምንጊዜውም የባሰ ስታመኝ አደረች። ኋላ ሐኪም እንደ ነገረኝ፣ በጥርስ ውስጥ ያለው ነርቭ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከተቆጣ ሙቀት ያብሰዋል እንጂ አያስታግሰውም። ጥፋቱ የወንዛዬ አይደለም፤ የተሰበረ ጥርስ እጠግናለሁ ብሎ የጠራኝ ውሃው አልነበረምና።

ከዚያ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። ባለሙያው አፌን በባትሪ አየና «ነቅለን እንገላግልህ» አለኝ። ነገሩ ባጭር ጊዜ ያልቅ ነበር። እንቅልፍ ካጣሁ አራተኛ ቀኔ ስለ ነበር «እሺ» ለማለት ምንም አልቀረኝ። ነገር ግን እናቴ ትዝ አለችኝ።

እናቴ ገና ስድሳ ዓመት አልሞላትም። መንጋጎቿን ግን አንድ በአንድ አስነቅላ ጨርሳለች። የመጀመሪያዋን ያስነቀለችው እኔን ባረገዘች ጊዜ ነው ይባላል። ዛሬ ባቄላ የምትበላው አሹቅ ሆኖ ሲቀርብላት ብቻ ነው። ጥብስ ሲመጣ ወደ እኔ ትገፋና «ጠግቤአለሁ፣ አንተ ብላ» ትላለች፤ ልጅ ሳለሁ እውነት ይመስለኝ ነበር። ስለ ጥርሴ በነገርኋት ጊዜ፣ ሰው ሁሉ አስነቅለው ሲለኝ እሷ ብቻ «ልጄ፣ እኔም ተገላገልሁ ብዬ ነበር፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ተከተለው» አለችኝ።

የእናቴ ነገር ከሐኪሞቹ ትምህርት ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። መንጋጋ በተነቀለ ጊዜ ጎረቤቶቹ ቀስ በቀስ ወደ ክፍቱ ቦታ ያዘነብላሉ። ከላይ ትይዩ የነበረውም የሚገጥመው ሲያጣ ወደ ታች ይወርዳል። ጥርሱ ተተክሎበት የነበረው አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል። በተንጋደዱት ጥርሶች መካከል ምግብ ይሸጎጣል፤ የተሸጎጠውም ያበሰብሳቸዋል። እንግዲህ አንድ ጥርስ ነቀልሁ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የነቀለው አንድ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርቼ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ወረድሁ። የጥርስ ሐኪሟ በዕድሜ የእኔ እኩያ ትሆናለች። ራጅ አንሥታ ከመስኮቱ ብርሃን ላይ እያሳየች አስረዳችኝ። ከላይ የሚታየው የጥርስ ገለፈት በሰው ገላ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ከአጥንትም ይጠነክራል። ነገር ግን አጥንት ሲሰበር ይጋጠማል፤ ገለፈት አንድ ጊዜ ከተሰበረ ተመልሶ አያድግም። በሥሩ ለስለስ ያለ አካል አለ፤ ከዚያም መካከል ነርቭና የደም ሥር የሚኖሩበት ጠባብ ጓዳ አለ። የእኔ ጠጠር እስከ ጓዳው ደጃፍ ደርሳ ኖሯል።

«ሥሩ ደኅና ነው፤ አይነቀልም፤ ክራውን እናደርግለታለን» አለችኝ። ስንጥቁ ወደ ሥሩ ወርዶ ቢሆን ከመንቀል በቀር ሌላ መድኃኒት እንዳልነበራት አልሸሸገችኝም። ክራውን ማለት ዘውድ ማለት ነው። ከደጋ ቆሎ ጋር ተዋግቶ ለቆሰለ መንጋጋ የሚገባ ማዕረግ ነው ብዬ ተቀበልሁት።

ሥራው አራት ጊዜ አመላለሰኝ። በመጀመሪያ ድዴን አደንዝዛ የታመመውን ነርቭ አወጣች፤ የሥሩን ቀዳዳ አጥባ ደፈነችው። ቀጥላ የጎደለውን ገላ በመሙያ ገንብታ፣ ዘውዱ የሚያርፍበት ቦታ እንዲኖረው ጥርሴን ዙሪያውን ሞርዳ አሳነሰችው። ከዚያ እንደ ሊጥ በሚለሰልስ ነገር ላይ አስነክሳ ልኩን ወሰደችና ጊዜያዊ ሽፋን አድርጋ ሰደደችኝ።

በሦስተኛው ጊዜ ዘውዱ የሚሠራበትን ክፍል እንዳይ ፈቀዱልኝ። እዚህ ላይ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ሙያዬ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሰምና ወርቅን በየዓመቱ አስተምራለሁ። አንጥረኛው ቅርጹን አስቀድሞ በሰም እንደሚሠራ፣ በጭቃ እንደሚሸፍነው፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካፈሰሰ በኋላ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ እንደሚጨምርበት፣ የቅኔውም ስም ከዚያ እንደ መጣ በሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረዳለሁ። በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ለካስ የጥርስ ዘውድም እንዲሁ ነው! ሠራተኛው የመንጋጋዬን አምሳል በሰም ቀርጾ፣ በጭቃ መሰል ነገር ቀብሮ፣ በምድጃ ሰሙን አንድዶ አጠፋና የቀለጠ ብረት አፈሰሰበት። ይህን የጥንት ዘዴ ለጥርስ ሥራ በትክክል ያስማማው ዊልያም ታጋርት የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 ለሙያ ጓደኞቹ ካሳየው ወዲህ በዓለም ተስፋፋ። ብረት ማፍሰስማ ለእኛ ምን እንግዳ ነው? ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራው በፈረንጆች በ1867 ነው።

ዛሬ ዚርኮንያ ከሚባል ነጭና ጠንካራ ነገር በኮምፒዩተር የሚፈለፈል ዘውድም አለ። የእኔ ግን ውስጡ ብረት፣ ላዩ እንደ ቡና ስኒ ያለ ሸክላ ነው። የሸክላውን ዘውድ በ1903 ያስተዋወቀው ቻርልስ ላንድ የተባለ የዲትሮይት ጥርስ ሐኪም ነው። የእሱ የልጁ ልጅ ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 ብቻውን በአይሮፕላን የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻገረና የአያቱ ስም ተረሳ። ከአፍ ውስጥ የሚቀር ሥራ ምን ጊዜም ዝናው አነስተኛ ነው።

የወርቅ ጥርስ ነገር ከተነሣ ግን አንድ ቃል ልጨምር። ለጌጥ ሲሉ ደኅናውን የፊት ጥርስ አስሞርደው ወርቅ የሚያለብሱ አሉ። ደኅና ገለፈት ተሞርዶ ተመልሶ አይበቅልም። ወርቅ የወደደ ሰው ከአንገቱ ቢያንጠለጥለው ይሻለዋል ባይ ነኝ።

በአራተኛው ጊዜ ሐኪሟ ዘውዱን አስቀምጣ፣ ቀለም ያለው ቀጭን ወረቀት በጥርሶቼ መካከል አድርጋ «ይንከሱ» አለችኝ። ቀለሙ የነካበትን ከፍታ ጥቂት ፋቀች፤ እንደገና አስነከሰችኝ፤ ሲስማማ በማጣበቂያ አተመችው። አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ዘውዱ ራሱ አይበሰብስም፤ ነገር ግን ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ሥር ያለው የራሴ ጥርስ ይበሰብሳልና በቡሩሽ ማጽዳት አለብኝ። የወይራ መፋቂያዬ የፊቱን ያሳምራል እንጂ እስከዚያ ጥግ አይደርስም።

ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ከአንድ ወር ደሞዜ በልጧል። ይበልጥ የቆጨኝ ግን ሐኪሟ ስሸኛት የተናገረችው ነው፤ በተሰበረበት ሳምንት መጥቼ ቢሆን ነርቩ ሳይጎዳ ባነሰ ወጪ ሊያልቅ ይችል ነበር። እኔ ያን ሳምንት በቅርንፉድና በአረቄ አሳለፍሁት።

ቤት ስደርስ እናቴ አፌን አስከፍታ በስልኬ ባትሪ ተመለከተች። «የትኛው ነው?» ብላ ብትፈልግ አጣችው። ቢያንስ ሁለት ጊዜ በጣቷ ነካካችውና ምንም ሳትናገር ተነሣች። ከጓዳ ሰፌዱን ይዛ ወጣች፤ የገብስ ቆሎውን ዘርግታ ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብላ ጠጠሩን ትለቅም ጀመር። ጨርሳ ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋችልኝና ለራሷ አሹቁን አነሣች።