በስክሪፕት የሚወርድ ፋይል ጐድሎ ሲገኝ ምክንያቱና መድኃኒቱ

ከሩቅ ሰርቨር ፋይልን የማምጣት ሥራ፥ ሰው አጠገቡ ሳይቀመጥ በቀንም በሌሊትም እንዲፈጸም፥ ትእዛዞቹ በተራ ተጽፈው ለኮምፒዩተር ይሰጣሉ። ይህም የትእዛዝ ጽሑፍ ስክሪፕት ይባላል። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አንድ ብርቱ ጕዳት አለበት። ይኸውም ፋይሉ በመንገድ ተቈርጦ እኩሌታው ብቻ ሲደርስ፥ የሚያይ ሰው ስለሌለ፥ ስክሪፕቱ ሙሉ እንደ ሆነ ቈጥሮ ወደሚቀጥለው ሥራ ማለፉ ነው።

ተጨምቆ የታሸገ ዚፕ የሚባለው ፋይል መጨረሻው ቢጐድል ጕድለቱ ቶሎ ይገለጣል፤ የውስጡ ማውጫ የሚገኘው በመጨረሻው ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ አልከፈትም ይላል። የስም ዝርዝር ያለበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ግን ከመካከል ቢቈረጥም ሙሉ መስሎ ይከፈታል። ለምሳሌ የ400 ተማሪዎች ስም ካለበት ዝርዝር የ310ሩ ብቻ ቢደርስ፥ አንባቢው ምንም ስሕተት አያይም፤ የ90 ልጆች ስም ግን ከፈተናው መዝገብ ይቀራል። እንግዲህ ራሱን ከሚያጋልጥ ጕድለት ይልቅ ዝም የሚል ጕድለት የከፋ ነው።

ጕድለቱ የሚታወቅበት መንገድ ይህ ነው። ሰርቨሩ ፋይሉን ከመስደዱ አስቀድሞ እንደ ደብዳቤ አርእስት ያለ መግለጫ ይልካል፤ ብዙ ጊዜም የፋይሉ ርዝመት በባይት ተቈጥሮ በዚሁ መግለጫ ይጻፋል። ከርል የተባለው ፋይል አውራጅ ፕሮግራም ይህን ቍጥር ከደረሰው ጋራ ያስተያያል። ሲጨርስም የመውጫ ቍጥር ይሰጣል፤ 0 ቢሆን ሥራው ያለ ስሕተት ተፈጽሟል ማለት ነው፤ 18 ቢሆን ፋይሉ ጐድሏል፤ 23 ቢሆን የደረሰውን በዲስክ ላይ ለመጻፍ አልተቻለም፥ ምናልባትም ቦታ ሞልቷል፤ 28 ቢሆን የተወሰነለት ጊዜ አልፏል። ብዙ ስክሪፕት የሚሳሳተው ይህን ቍጥር ሳይጠይቅ ስለሚያልፍ ነው።

ሆኖም ርዝመቱ በመግለጫው ያልተጻፈ እንደ ሆነ፥ በቀድሞው የኤችቲቲፒ 1.0 ሥርዓት የፋይሉ ፍጻሜ የሚታወቀው ግንኙነቱ ሲዘጋ ብቻ ነው። ስለዚህ መሥመሩ በብልሽት ቢቋረጥም ሥራው ያለቀ ይመስላል። በዚህ ጊዜ የመውጫውን ቍጥር ብቻ ማመን አይበቃም።

መድኃኒቱም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ስክሪፕቱ ከእያንዳንዱ ማውረድ በኋላ የመውጫውን ቍጥር ይመርምር፤ 0 ካልሆነ ወደ ፊት አይለፍ። ከርልም በሰርቨሩ የስሕተት መልስ ላይ እንዲወድቅ አስቀድሞ ይታዘዝ፤ አለዚያ ፋይሉ የለም የሚለውን የ404 ገጽ በፋይሉ ስም አስቀምጦ 0 ይላል።

2ኛ፤ ፋይሉ በጊዜያዊ ስም ይውረድ፤ ተመርምሮ ሙሉ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ብቻ እውነተኛ ስሙ ይሰጠው። በዚህ አኳኋን እኩሌታው ፋይል በሙሉው ስም አይጠራም፤ የቀደመው ደኅና ፋይልም አይጠፋም።

3ኛ፤ የተቋረጠው ከቆመበት ይቀጥል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1997 ዓመት የወጣው የኤችቲቲፒ 1.1 ሥርዓት ከፋይሉ ክፍል ብቻ ለመጠየቅ ይፈቅዳል። ለምሳሌ ከ5,242,880 ባይት 3,145,728ቱ ቢደርስ፥ ቈጠራው ከ0 ስለሚጀምር፥ ጥያቄው ከቍጥር 3,145,728 ጀምሮ ይላካል፤ የቀረውም 2,097,152 ባይት ይመጣል። ሰርቨሩ 206 ብሎ ቢመልስ የሚልከው የተጠየቀውን ክፍል ነው፤ 200 ቢል ግን ሙሉውን እንደገና መላኩ ነውና ከቀድሞው ጫፍ ጋራ ሊቀጠል አይገባም፤ ቢቀጠል ፋይሉ ከልኩ ይረዝማል፥ ይበላሻልም።

4ኛ፤ በመካከሉ ፋይሉ በሰርቨሩ ላይ ተለውጦ እንደ ሆነ፥ ራሱ ከአሮጌው እግሩ ከአዲሱ የሆነ አንድ ፋይል ይፈጠራል፤ ርዝመቱም ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ለፋይሉ የሰጠው መለያ ምልክት ካለ፥ ያልተለወጠ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ከተለወጠ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመር።

5ኛ፤ ላኪው የፋይሉን አሻራ አስልቶ ለብቻው ያስታውቅ፤ ተቀባዩም አስልቶ ያስተያይ። ሻ 256 የተባለው ስሌት ፋይሉ ትልቅም ቢሆን ትንሽ፥ 64 ምልክቶች ያሉት አሻራ ይሰጣል፤ አንድ ባይት ብትጐድል ወይም ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። ይህ ሥራ ጸሐፊ የገለበጠውን መጽሐፍ ከእናቱ ቅጅ ጋራ አስተያይቶ እንደሚያርመው ያለ ነው።

6ኛ፤ ሙከራው ቢከሽፍ ስክሪፕቱ ጥቂት ቆይቶ፥ በየጊዜውም ቈይታውን እያስረዘመ ይሞክር፤ የሙከራውም ቍጥር የተወሰነ ይሁን። ያለ ዕረፍት መደጋገም የደከመውን መሥመር ያጨናንቃልና፤ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው ነው። ሁሉም ባይሳካ ቀኑን፥ የፋይሉን ስምና የመውጫውን ቍጥር በመዝገብ ጽፎ ይቁም።

አስተማሪው ይህን ለማስረዳት፥ ለተማሪዎቹ የተቈረጠ ዝርዝር ከሙሉው ጋራ ሰጥቶ መሥመሩን እንዲቈጥሩ ቢያደርግ መልካም ነው። መድረሱን ሳይሆን ሙሉ ሆኖ መድረሱን መጠየቅ ለኮምፒዩተር ሥራ ብቻ ሳይሆን ለማናቸውም የአደራ ሥራ የሚገባ ልማድ ነው።