የእንግሊዝኛው «ሁዝ» እና የአማርኛ አቻው

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልሰውን ተርጓሚ ከሚያሳስቱት ቃላት አንዱ «ሁዝ» የተባለው አገናዛቢ አዛማጅ ተውላጠ ስም ነው። ቃሉ በጥያቄ ጊዜ «የማን» ማለት ሲሆን፣ በአዛማጅነቱ ግን ቀድሞት የመጣውን ስም ከተከታዩ ንብረት ወይም ዘመድ ጋር ያገናዝባል።

በእንግሊዝኛው በኩል ሁለት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ «ሁ ኢዝ» ወይም «ሁ ሀዝ» አጥሮ ሲነገር ድምፁ ከ«ሁዝ» ጋር አንድ ስለሚሆን በአጻጻፍ ያሳስታል። መፈተኛው አጭሩን ወደ ሙሉ ቅርጹ ፈትቶ ማንበብ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ከተበላሸ ተፈላጊው አገናዛቢው ነው። ሁለተኛ፣ «ሁዝ» ለሰው እንጂ ለግዑዝ አይነገርም የሚለው ትምህርት መሠረት የለውም። ቃሉ የተገኘበት የጥንታዊው እንግሊዝኛ «ህወስ» የ«ማን»ም የ«ምን»ም አገናዛቢ ነበር፤ ፋውለርም በ1926 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት ክልከላውን ነቅፎታል። ስለዚህ «ጣሪያው የፈረሰ ቤት» የሚለውን በ«ሁዝ» መግለጽ ትክክል ነው።

አማርኛ ለዚህ አገልግሎት ራሱን የቻለ ቃል የለውም። አዛማጅነቱን በግሱ ላይ የሚገባው «የ»፣ አገናዛቢነቱን ደግሞ በስሙ ላይ የሚቀጠለው ባዕድ መድረሻ ይገልጹታል፤ ባለቤቱም በመጨረሻ ይመጣል። «እናቱን የማውቃት ልጅ» እንላለን። እዚህ ላይ «የማን»ን ማስገባት የጥያቄን ቃል ያለ ቦታው መጠቀም ነው።

ትልቁ ችግር ግን ከዚህ ያልፋል። «ሁዝ» ድርጊቱ ባለቤቱን ይጥቀመው ወይም ይጉዳው አይናገርም፤ አማርኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህን በግሱ ላይ ያመለክታል። «ልጁ የተመረቀለት አባት» እና «ልጁ የሞተበት አባት» እንላለን። በእነዚህ ምሳሌዎች ጥቅሙና ጉዳቱ ግልጽ ስለሆነ ተርጓሚው አይቸገርም። በሕግ ጽሑፍ ግን ጥንቃቄ ያሻል። እንግሊዝኛው «ንብረቱ የተሸጠው ሰው» ብቻ ሲል፣ «ንብረቱ የተሸጠበት» ቢባል ሰውዬው ተበዳይ ይመስላል፤ «ንብረቱ የተሸጠለት» ቢባል ደግሞ በስሙ የተሸጠለት ወይም ገዢው ራሱ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። በአንዲት ፊደል ሻጭ ገዢ ይሆናል።

ስለሆነም ተርጓሚው «በት»ን ወይም «ለት»ን የሚጨምረው ጥቅሙ ወይም ጉዳቱ ከምንጩ ጽሑፍ ሲረጋገጥ ብቻ ሊሆን ይገባል፤ ካልተረጋገጠ ግን ገለልተኛውን «የተሸጠው»ን መያዝ ይመረጣል።