ሌባው ያልፈለገው ዕቃ

የመንገድ ሥራ ሳይት ላይ ሮለሩ ካለፈ በኋላ አንድ ባለሙያ ቢጫ ሣጥን መሬት ላይ አስቀምጦ ቁጥር ሲያነብ ይታያል። መሣሪያው ኒውክሌር ዴንሲቲ ጌጅ ይባላል። ወደ አፈሩ በሚገባው ዘንግ ጫፍ ላይ ሲዝየም-137 አለ፤ በደንብ የተጠቀጠቀ አፈር ጨረሩን ያስቀራል፣ የላላው ያሳልፋል፣ ሣጥኑ ያለፈውን ይቆጥራል። እርጥበቱ የሚታወቀው ደግሞ አሜሪሲየም-241 እና ቤሪሊየም አንድ ላይ ሆነው በሚያመነጩት ኒውትሮን ነው፤ ውሃ ኒውትሮኑን ያዘገየዋል።

ሌባው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ፒክአፑን ነው፤ ሣጥኑ ኋላ እንደተጫነ አብሮ ይሄዳል። አንዳንዱ ሰንሰለት ቆርጦ ሣጥኑን ይወስዳል፤ ውድ መሆኑን አልሳተም፣ ግን ለማን ይሸጠዋል? የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠባቂ በሌለበት አንድ ቁልፍ አይበቃም፣ ሁለት ይሁን ብሏል።

ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የጨረር ምንጮችን ከአደገኛው 1 እስከ 5 ይመድባል፤ ይህ ሣጥን 4ኛ ነው። ሳይፈታ ከተገኘ ጉዳቱ ኢምንት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቁራሌው እጅ ገብቶ የተፈታ ወይም ብረት ማቅለጫ የገባ እንደሆነ ነው፤ ሲዝየሙ በግማሽ የሚቀንሰው በ30፣ አሜሪሲየሙ በ432 ዓመት ነውና።

በእውነት የሚያስፈራው የቧንቧ ብየዳ የሚመረመርበት የራዲዮግራፊ ካሜራ ነው፤ በውስጡ ኢሪዲየም-192 ይዟል፣ ምድቡም 2 ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኅዳር ገደማ ባስራ፣ ኢራቅ አቅራቢያ አንዱ ጠፍቶ፣ ከወራት በኋላ ዙቤር ውስጥ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ሳይፈታ ተገኘ። ኢሪዲየም በ74 ቀን በግማሽ ስለሚቀንስ፣ እስኪገኝ ድረስ ጉልበቱ ከግማሽ በላይ አልቆ ነበር። ግብፅ፣ ሚት ሃልፋ ውስጥ ግን በ2000 እ.ኤ.አ. አንድ ገበሬ ከመከለያው የወጣ የኢሪዲየም ፍሬ አግኝቶ፣ የከበረ ነገር መስሎት ቤቱ አስገባ። ልጁ ሞተ፣ ቀጥሎ አባትየው።

ባለ ሦስት ክንፉ የጨረር ምልክት ለብዙ ሰው ምንም አይናገርም። ስለዚህ በ2007 እ.ኤ.አ. ኤጀንሲው የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበት ቀይ ምልክት አወጣ፤ የሚለጠፈውም ከውስጥ፣ ፈቺው ምንጩ ጋ ከመድረሱ በፊት እንዲያየው ነው። የታሰበው ግን ከ1 እስከ 3 ላሉት ምድቦች ነው፤ የመንገድ ሥራውን ቢጫ ሣጥን አይጨምርም።