ቢላዋ ሠሪውና ፊደል

በአገራችን «የተማረ ይግደለኝ» የሚባል አነጋገር አለ። አነጋገሩ ለዕውቀት የተሰጠውን ክብር ያሳያል፤ ነገር ግን «የተማረ» ስንል በልባችን የምንሥለው ፊደል የቆጠረውን ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ዓይነት ሰዎች ከዚህ ክብር ውጭ ይቀራሉ። አንደኛው በእጁ ጥበብ የሚኖረው ባለእጅ ነው። ሁለተኛው አእምሮው ምንም ሳይጐድል ንባብ እምቢ ያለው ሰው ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ቢገናኙስ? ቢላዋ እየሠራ የሚኖር፣ ግን የደንበኛውን ደብዳቤ ለማንበብ የሚጨነቅ ሰው ሰነፍ ነውን? ወይስ የምንመዝንበት ሚዛን ነው የተዛባው? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ሙያውን፣ ቀጥሎም ችግሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከፋብሪካ የሚወጣ ቢላዋ በሺህ የሚቆጠሩ መሰሎች አሉት። በትእዛዝ የሚሠራ ቢላዋ ግን ለአንድ ሰው እጅና ለአንድ ዓይነት ሥራ ተብሎ የሚወጣ ነው። ሠሪው የደንበኛውን መዳፍ ያያል፤ ሥጋ ይቆርጥበት እንደሆነ፣ ሽንኩርት ይከትፍበት እንደሆነ፣ ወይም አደን ይወጣበት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ቅርጹን በልኩ ይሥላል፤ ከዚህ በኋላ ነው ብረት የሚመርጠው።

ብረት ሁሉ ደግሞ ቢላዋ አይሆንም። ስለት የሚይዘው በቂ ካርቦን ያለው አረብ ብረት ነው፤ ለዚህ ሥራ ከተለመዱት ብረቶች ብዙዎቹ ከመቶ ከ0.6 እስከ 1 እጅ የሚደርስ ካርቦን አላቸው። የአገራችን ቀጥቃጮች የአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚፈልጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባሌስትራ የሚሠራበት ብረት ከዚህ ወገን ነውና። ተራው የቤት መሥሪያ ብረት ግን ቢቀጠቀጥም ቢሳልም ስለቱ ወዲያው ይደንዛል።

ብረቱ ግሎ በመዶሻ ቅርጹን ከያዘ በኋላ ዋናው ፈተና ይመጣል፤ ይኸውም ማጠንከር ነው። ብረቱ እየጋለ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት እርሱን መሳብ ይተዋል። ሠሪው ይህን በማግኔት ይሞክራል፤ ከዚያም በጥቂቱ ጨምሮ ያግልና በዘይት ይነክረዋል። አሁን ብረቱ እጅግ ጠንክሯል፤ ነገር ግን እንደ መስተዋት ተሰባሪ ስለሆነ ለሥራ አይበቃም። ስለዚህ እንደገና በለዘብተኛ ሙቀት፣ 200 ዲግሪ ገደማ፣ ይሞቃል። የጸዳው ብረት ፊት የገለባ መልክ ሲያወጣ ስለቱን ሳያጣ ተሰባሪነቱ ቀንሷል ማለት ነው። ሙቀቱ አልፎ 300 ገደማ ደርሶ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ግን ለመለጠጥ እንጂ ለስለት የሚሆነው ጥንካሬው ቀንሷል። እንግዲህ ይህ ሰው ሲሠራ የሚውለው በማንበብ ነው፤ የሚያነበው ግን ቀለምን ነው።

በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ የቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበር አለ። ወደ ማኅበሩ የመጀመሪያ የሙያ ማዕረግ መድረስ የሚፈልግ ሰው የሚፈተነው በገዛ እጁ በቀጠቀጠው ቢላዋ ነው። መጀመሪያ በነፃ የተንጠለጠለ 2.5 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ አለበት። ቀጥሎ ወፍራም የግንባታ እንጨት ሁለት ጊዜ ከትክቶ ለሁለት ይከፍላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለቱ ሳይሸረፍ የክንዱን ፀጉር መላጨት ይኖርበታል። በመጨረሻም ቢላዋው በሞርሳ ተይዞ እስከ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ስለቱ በተወሰነ መጠን ቢሰነጠቅ ይፈቀዳል፤ ለሁለት ከተሰበረ ግን ተፈታኙ ወደቀ። ልብ እንበል፤ ፀጉር የሚላጭ ጠንካራ ስለት፣ ታጥፎ ከማይሰበር ለዘብተኛ ጀርባ ጋር በአንድ ብረት ላይ እንዲኖር ተጠየቀ ማለት ነው። ይህን ያለ ማሰብ ማግኘት አይቻልም። ይህን ያለፈ ሰው ደግሞ አምስት የተጠናቀቁ ቢላዋዎች ለዳኞች ያቀርባል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ተፈታኙ የሚመዘነው በሠራው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንመለስ። በ1896 እ.ኤ.አ. ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ጻፈ። ልጁ ብልህ ነበር፤ ሒሳብ አይቸግረውም፤ ዓይኑም ደህና ነበር፤ ነገር ግን ለዓመታት ተምሮ የገዛ ስሙን እንኳ ፊደሉን አዛብቶ ይጽፍ ነበር። መምህሩ ትምህርቱ በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ከጓደኞቹ ሁሉ የላቀ ይሆን ነበር ብሎ እንደ መሰከረለት ሐኪሙ ጽፏል። በዚያ ዘመን ይህ ችግር «የቃል ዕውርነት» ይባል ነበር፤ ዛሬ የሚጠራው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን ባወጣለት ስም ዲስሌክሲያ ተብሎ ነው።

ዛሬ የሚታወቀው እንደሚከተለው ነው። ዲስሌክሲያ የዓይን በሽታ አይደለም፤ የስንፍናም የአስተዳደግም ውጤት አይደለም። በአብዛኛው አእምሮ የቃልን ድምፅ ከፋፍሎ ከፊደል ጋር ከሚያገናኝበት መንገድ የሚመነጭ ችግር ነው፤ በቤተሰብም ይወርዳል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ የሚናገሩ ዲስሌክሲያ ያለባቸውን ሰዎች አመሳክሮ፣ በሚያነቡበት ጊዜ በአእምሯቸው የታየው ጉድለት አንድ ዓይነት መሆኑን አገኘ። ይሁን እንጂ ጣሊያኖቹ ከሌሎቹ ይልቅ ሳይሳሳቱ ያነቡ ነበር፤ ምክንያቱም የጣሊያንኛ አጻጻፍ ድምፁን በቀጥታ ይከተላል።

ይህ እኛን ይመለከተናል። የእኛም ፊደል እንደ ተጻፈ ይነበባል፤ ስለዚህ ችግሩ ያለበት ልጅ ከመሳሳቱ ይልቅ በመዘግየቱ ይታወቅ ይሆናል፤ የሚዘገይ ልጅ ደግሞ «ደደብ» ለመባል ቅርብ ነው። በዚህ ላይ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፤ መጥበቅና መላላት አይጻፍም፤ «አለ» የሚለው ቃል ተናገረ ይሁን ይገኛል ይሁን የሚለየው በአገባቡ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን አንድ ብልሃት ነበራቸው፤ ሀሁን በቃሉ የሚወርደውን ልጅ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል፤ እዚያ የፊደሉ ሥፍራ ስለሚለወጥ ልጁ በዜማ ሳይሆን በመልክ መለየት ይገደዳል። በቃሉ የሸመደደውና በእርግጥ የሚያነበው በዚያ ይለያሉ።

እንግዲህ ዲስሌክሲያ ያለበት ሰው ቢላዋ ሠሪ ሲሆን ምን ያገኛል? ሙያው በዓይንና በእጅ የሚተላለፍ ስለሆነ ለመማር በር ይከፈትለታል። ትእዛዙን በሥዕል ይቀበላል፤ ቅርጹን ከካርቶን ቆርጦ ብረቱ ላይ ያሳርፋል፤ ልኩን በጽሑፍ ፈንታ በመለኪያ እንጨት ላይ ጭረት አድርጎ ይይዛል። ሥራው ሲያምር የሚመሰክርለት ቢላዋው ራሱ ነው። ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቲዋርትም በልጅነቱ ትምህርት አቋርጦ በአባቱ ጋራዥ ከሠራ በኋላ በ1969፣ በ1971 እና በ1973 እ.ኤ.አ. የመኪና እሽቅድምድም የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሲያስጨንቀው የኖረው ነገር ዲስሌክሲያ መሆኑን ግን ያወቀው ዕድሜው 40 ካለፈ በኋላ፣ በ1980፣ ነበር።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ከአንድ ለስላሳ ስሕተት መጠንቀቅ ይገባናል። አንዳንድ ሰዎች «ፊደል ቢነፈገው የእጅ ጥበብ ተሰጠው» ይላሉ። ንግግሩ ያጽናናል፤ ነገር ግን ዲስሌክሲያ ልዩ የእጅ ተሰጥኦ ይሰጣል የሚለው ሐሳብ በአስተማማኝ ሁኔታ አልተረጋገጠም። ከዚህም በላይ ጉዳት አለው፤ «ይህ ልጅ ለፊደል አልተፈጠረም፤ ወደ ቀጥቃጭ ይሂድ» ለማለት ያመቻል። በዚህ አንድ ቃል ሁለት ሰው ይሰደባል፤ ልጁ ትምህርት ይነፈጋል፤ ሙያውም የወደቁ ሰዎች መጣያ ይሆናል። ቢላዋ ሠሪውም ቢሆን ከፊደል አላመለጠም፤ የውል ወረቀት ይፈርማል፤ ደረሰኝ ይቀበላል፤ አደገኛ አሲድ የያዘ ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ አለበት። ማንበብ ያልቻለ ባለሙያ ሌላው ያነበበለትን ከማመን በቀር ምርጫ የለውም።

በአገራችን ይህ ነገር የከበደ ታሪክ አለው። ቀጥቃጩ ማረሻውንና ቢላዋውን እየሠራ ሲያበላን «ጠይብ» እና «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ጨርሶ ወጥቷል ለማለት አንደፍርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዲስሌክሲያ ከሰው ላይ የሚነቀል ነገር ባይሆንም ንባብ ግን ይማሩታል። የሚበጀው መንገድ ድምፅንና ፊደልን ደረጃ በደረጃ፣ በግልጽ፣ ሳይቸኩሉ እየደጋገሙ ማስተማር፣ ለፈተናም ጊዜ መጨመር፣ ዕውቀቱን በቃል እንዲያስረዳም መፍቀድ ነው። ዱላና ሳቅ ግን ማንንም አንባቢ አላደረጉም።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ አስተማሪዎች ነን። በስልሳ ልጆች ፊት ስንቆም ከኋላ ወንበር ላይ ጥያቄ ሁሉ በቃሉ እየመለሰ፣ ደብተሩ ግን ባዶ የሆነ ልጅ እናገኝ ይሆናል። ቢላዋ ሠሪው ብረቱ በማጠንከሪያው ላይ ቢሰነጠቅበት ብረቱን አይሰድብም፤ ሙቀቱን ይመረምራል። አስተማሪም ከዚህ ያነሰ ትዕግሥት ሊኖረው አይገባም። ልጁ ወደፊት መዶሻ ቢመርጥ የተከበረ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን ምርጫው የራሱ እንዲሆን፣ አስቀድመን ፊደሉን ልናስተምረው ግዴታችን ነው።