የጅማ ልጆች ለምን ይገለበጣሉ?

የጅማ ስም ሲነሳ ቡናና አባ ጅፋር ይቀድማሉ፤ ይገባቸዋል። ሰርከሱን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። እስቲ እኔ ላንሳላችሁ።

በመጀመሪያ አንበሳና ዝሆኑን እርሱት። የኛ አገር ሰርከስ እንስሳ የለውም፤ ሰው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991፣ ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ አንድ ካናዳዊ መምህር አዲስ አበባ ላይ ልጆች ሰብስቦ ሰርከስ ኢትዮጵያን አስጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ጅማ፣ መቀሌና ናዝሬትም የየራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ።

እንዴት እንዲህ ቶሎ ተዛመተ? ብዙ ወጪ ስለማይጠይቅ ነው። የሚያስፈልገው ሜዳና የሚያምኑት ጓደኛ ነው። ፍራሽ ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ ሳር አለ። እየወረወሩ የሚቀልቡት ኳስ እንኳ ከካልሲ ሊጠቀለል ይችላል። ወላጁ የደንብ ልብስ መግዣ የሌለው የሰፈር ልጅ የሚገባበት በር ይህ ነበር።

ትርኢቱም ደጅ ላይ፣ በነጻ ነው። ሙዚቃው ሲጀምር ሕፃናት ከፊት መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ ትልልቆቹ ከኋላ ይቆማሉ፣ አጥር ላይ የሚወጣ አይጠፋም። ጅማ ደግሞ ለዚህ የተመቸች ናት። ከድሮ ጀምሮ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከየአቅጣጫው ሰው ሲሰበስብ የኖረባት ከተማ ስለሆነች፣ አንድ መንደር ውስጥ ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው፣ ጉራጌውና አማራው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብተው ይኖራሉ። አየር ላይ የሚገለበጥ ልጅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሰው ፒራሚዱ ነው። ጠንካሮቹ ከታች ይሆናሉ፣ ቀላሏ ልጅ ከላይ። ምስጢሩ ያለው ከእግር አቀማመጥ ላይ ነው፦ የሚወጣው ልጅ የሚረግጠው የወገብን መሃል ሳይሆን ትከሻን ወይም የዳሌ አጥንትን ነው፤ ክብደቱ በአጥንት በኩል ቀጥ ብሎ ወደ መሬት እንዲወርድ። ከታች ያለው ልጅ ቀና ብሎ ማየት አይችልም። ከላይ የሚሆነውን የሚያውቀው ትከሻው ላይ ባለው ጫና ብቻ ነው፤ ጫናው ወደ አንድ ጎን ካጋደለ እሱም በዚያው ልክ ይመልሳል። መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል፤ አንዱ ቀድሞ ከዘለለ የቀሩት ሚዛን ይስታሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ከተመልካቹ መሃል የቆመች እናት የልጇ እግር የጎረቤቷ ልጅ ትከሻ ላይ እንዳረፈ እያየች ነው። ከዚያ ወዲያ ያንን ጎረቤት ሰላም ሳትል አታልፍም።

በትርኢቱ መሃል ድራማ ይገባ ነበር፤ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ፈንጂ። እውነቱን ለመናገር እንደ መገለበጡ አይጥምም ነበር፤ አንዳንዴ ስብከት ስብከት ይላል። ግን ሰዉ ለአክሮባቱ መጥቶ ስለ ኤችአይቪ ሰምቶ ይመለስ ነበር፤ ያውም በሽታው በሹክሹክታ በሚወራበት ዘመን። የእርዳታ ድርጅቶችም ገንዘብ የሚሰጡት በአብዛኛው ለመልእክቱ ነበር። እዚህ ላይ ነበር ጣጣው፤ የመልእክቱ በጀት ሲያልቅ ልምምዱም ይናጋ ነበር።

ሌላም ከባድ ምዕራፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ለትርኢት አውስትራሊያ የሄዱ የሰርከስ ኢትዮጵያ አባላት ስለ አያያዛቸው ከባድ ቅሬታ አሰምተው እዚያው ጥገኝነት ጠየቁ። ስለዚህ ሰርከስ ሁሉ ደስታ ነው የሚላችሁን አትመኑ። ልጆች ባሉበት ቦታ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል።

ጅማ ያደጉት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ግን በሌላ መንገድ ሄዱ። እንግሊዝ አገር በጀግሊንግ (እየወረወሩ በመቅለብ) ስም ካተረፉ በኋላ ሰርከስ አቢሲኒያን መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ‹ኢትዮጵያን ድሪምስ› የተባለውን ትርኢታቸውን ኤድንበራ ላይ አሳዩ። ቀጥሎ ያዘጋጁት ‹ቱሉ› የሯጯን የደራርቱ ቱሉን ሕይወት በአክሮባት ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ እሷ 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ እነሱ ገና ልጆች ነበሩ።

አገር ቤት የቀሩትም ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ በወጣቶች የተመሠረተው ፈካት ሰርከስ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ታማሚዎችን ያስቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የአፍሪካ የሰርከስ ጥበብ ፌስቲቫልን አዘጋጅቶ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ቡድኖችን አስተናገደ። ትልቅ መድረክ ማየት ለሚመኝ የጅማ ልጅ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ቪዛ የማይጠየቅበት ጉዞ ነው፤ አውቶቡስ ይበቃዋል።