የሽምብራ ዓሣና ድንች ለቤተሰባችን ማዕድ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ አመሻሹ ላይ በመንገድ ዳር የሚጠበሰው ድንች ሽታው ልጆቻችንን ይጠራቸዋል። በረመዳንም ብዙ እናቶች ለማፍጠሪያ ከሳምቡሳው ጎን ድንች ይጠብሳሉ። ድንች ያጠግባል፤ ነገር ግን የሚያድግ ልጅ ሰውነቱን የሚገነባበትን ፕሮቲን እምብዛም አይሰጥም። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ከድንቹ ጎን ምን እናቅርብ በሚለው ጥያቄ ላይ ይሆናል።

እንግሊዞች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ዓሣ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ዓሣ ከድንች ጥብስ ጋር የሠራተኛው ቤተሰብ ምግብ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ደግሞ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበሉ ሰዎች በዓሣው ፈንታ የሙዝ አበባ ይጠብሳሉ። እኛ ግን መልስ ፍለጋ እስከዚያ መሄድ አያስፈልገንም። የሽምብራ ዓሣ በአገራችን ሲሠራ የኖረ ምግብ ነው። ከሽምብራ ዱቄት ተለውሶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦና በዘይት ተጠብሶ የሚቀርብ ሲሆን፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በጾም ወራት በወጥ ያዘጋጁታል።

«እውነተኛው ዓሣ ምን ሆነና?» የሚል ሊኖር ይችላል። ዓሣ ሐላል ነው፤ የባሕር አደን እንደተፈቀደልን በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 96 ላይ ተገልጿል፤ መታረድም አያስፈልገውም። ያገኘ ቤተሰብ ቢበላው መልካም ነው። ችግሩ ያለው ከማግኘቱ ላይ ነው። ዓሣ ለቡታጅራ ከዝዋይ ሐይቅ ይመጣል፤ ወልቂጤ ደግሞ ከሐይቁ ይበልጥ ትርቃለች። ዓሣ በረዶ ካላገኘ ቶሎ ይበላሻል፤ በዐቢይ ጾም ወራትም ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው ይወደዳል። ሽምብራ ግን ደርቆ በጆንያ ወራትን ይቆያል።

የጉራጌ ማዕድ መሠረቱ ቆጮ ነው። እንሰት ድርቅን ችሎ ስንቱን ቤተሰብ ከረሃብ ያሻገረ በረከት ነው። ሆኖም በ100 ግራም ቆጮ ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን 1 ግራም ገደማ፣ በድንች ውስጥ ደግሞ 2 ግራም ገደማ ነው። በ100 ግራም ደረቅ ሽምብራ ውስጥ ግን 20 ግራም ገደማ ይገኛል። አባቶቻችን ቆጮን ከአይብና ከክትፎ ጋር ማቅረባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሥጋውና አይቡ ሲጠፋ ግን ቆጮው ብቻውን ይቀራል። የሽምብራ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሽምብራው በጥቂቱ ታምሶ፣ ተከክቶና ገለባው ተነፍቶ ይፈጫል። በሁለት ብርጭቆ ዱቄት ላይ ጨው፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ጥቂት የማረቆ በርበሬ፣ እንዲሁም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት እንጨምራለን። ውሃውን ትንሽ በትንሽ እያደረግን ጠጠር ያለ ሊጥ እስኪሆን እንለውሳለን፤ ሊጡ ከቀጠነ መጥበሻው ላይ ይፈርሳል። ሊጡን ዳምጠን በዓሣ ቅርጽ ከቆረጥን በኋላ መካከለኛ ሙቀት ባለው ዘይት ሁለቱም ጎኑ ቡናማ እስኪሆን እንጠብሰዋለን። ዘይቱ ከበዛበት እሳት ውጪው ያርራል፤ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከድንች ጥብስ ጋር ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ አድርገን እናቀርባለን። ድንቹን ቀቅሎ ማቅረብ ዘይት ይቆጥባል፤ በድንቹ ምትክ የተቀቀለ አሚቾ ቢቀርብም ያምራል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ዱቄቱን ከማናውቀው ሰው ከመግዛት ሽምብራውን ገዝተን ማስፈጨት ይሻላል። ጓያ የተቀላቀለበት ዱቄት በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተበላ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል፤ መጥበሱም መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ሁለተኛ፣ የጠቆረና የወፈረ ዘይት ደግመን ደጋግመን አንጥበስበት። ሦስተኛ፣ ሽምብራ ዓሣን በሁሉም ነገር አይተካም። በዓሣ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ቢ 12 በሽምብራ ውስጥ ስለሌለ ልጆች ወተት፣ አይብ ወይም እንቁላል ማግኘት አለባቸው። ጨውም አዮዲን ያለው ይሁን።

በመጨረሻ ስለ ጎረቤት እናንሳ። በከተሞቻችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ ደስታንና ሐዘንን ይካፈላሉ። በሥጋ ጊዜ ግን ድስቱ ይለያል፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተደራርበው በገቡ ጊዜ የሁለቱም ቤት ጾመኛ ነበር። ቅቤ ያልገባበትና ሥጋ ባልተጠበሰበት ዘይት፣ በንጹሕ ዕቃ የተሠራ የሽምብራ ዓሣ ለእኛ ማፍጠሪያ፣ ለጎረቤታችንም የጾም ምግብ ይሆናል። ስለዚህ ሊጡን ስንለውስ አንድ እፍኝ ዱቄት ለጎረቤት እንጨምር። ሰሐኑ ወደ ጎረቤት ሲሻገር «ይህን እንበላው ይሆን?» የሚል ጥያቄ አይከተለውም።

አላህ ማዕዳችንን ይባርክልን።