ልብ አይዋሽም፤ ጠያቂው ግን ይሳሳታል

ቅዳሜ ማለዳ ኦክላንድ ውስጥ የሌክ ሜሪትን ሐይቅ የሚዞር ሯጭ አንድ ሁለት የአገሩን ልጅ ሳያገኝ አይመለስም። ዙሪያው አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከሩጫው በኋላ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ቡና ይጠጣል፤ ከቡናው ጋር የአገር ቤት ፖለቲካ ይነሳል። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ግን ወሬያችን ሁሉ ስለ ልብ ምት ሆነ።

ነገሩን ያነሳው ከሳን ሆዜ የመጣ ወዳጃችን ነበር። ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ቀን ለማራቶን ይዘጋጃል። “በዚያው ፍጥነት ስሮጥ ልቤ በደቂቃ 150 ይመታ ነበር፤ አሁን 140 ወርዷል። ጎብዣለሁ ማለት ነው” አለን። ፊቱ ግን የጎበዘ ሰው ፊት አልነበረም። እግሩ ከብዶታል፤ ደህና እንቅልፍ ከተኛም ሰንብቷል። እኛም “በርታ” ብለን ሸኘነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ልምምዱን አቋረጠ።

ምን አታለለው? ነገሩን በእሱው ሙያ እናስረዳ። ልብን የሚያዝዙት ነርቮች እንደ መኪና ነዳጅ መስጫና ፍሬን ናቸው። ሩጫ ሲጀመር መጀመሪያ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ቀጥሎ ነዳጁ ይረገጣል። ያረፈ ሰው ልብ ቶሎ ይነሳል። በከባድ ልምምድ የደከመ ሰው ልብ ግን ትእዛዙን ቀስ ብሎ ይቀበላል። የሳውዝ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሯጮችና በብስክሌተኞች ላይ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ልምምዱ ሲከብድ የልብ አነሳስ ይዘገያል፣ ልምምዱ ሲቀንስ ይፈጥናል።

ስለዚህ የወረደ የልብ ምት ሁለት ትርጉም አለው። ምቱ ወርዶ ሩጫው ከቀለለ ብርታት ነው። ምቱ ወርዶ ሩጫው ከከበደ ድካም ነው። ከሩጫ በኋላ ልብ ቶሎ መርጋቱም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ቁጥሩ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ሁለተኛው ምስክር የራስ ስሜት ነው።

ልብን ለመጠየቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሜዳማ ቦታ፣ በአንድ ፍጥነት አሥር ደቂቃ ያህል መሮጥ፤ ምቱን መመዝገብ፤ ቆሞ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደገና መመዝገብ፤ ከጎኑ ሩጫው ምን ያህል እንደከበደ ከ1 እስከ 10 መጻፍ ነው። የጥቂት ምት ልዩነት ከቀን ወደ ቀን ያለ ነው፤ አያስደንግጥ። ሙቀትና የውኃ ጥም ምቱን ከፍ ያደርጋሉ። በጾም ወራት ውኃ ሳይቀምሱ የሚሮጡ ወገኖች ይህን ልብ ይበሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የተመዘገበ ምትም ባሕር ዳር ካለችው ኦክላንድ ምት ጋር አይወዳደርም። የእጅ ሰዓት ምት በድንገት ሲለወጥ ይሳሳታል፤ ደረት ላይ የሚታሰረው ይሻላል።

አገር ቤት እንጦጦና ሱሉልታ ጫካ ውስጥ ሯጮች ተሰልፈው፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ይሮጣሉ። በቀላሉ ቀን እጅግ ቀስ ይላሉ፤ የደከመውንም ከኋላው ያለው ያየዋል። እነ ደራርቱን፣ ኃይሌንና ቀነኒሳን ያሰለጠኑት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬም ልጆቹን የያዙት በቡድን ነበር። እኛ እዚህ ብቻችንን ነው የምንሮጠው። “ዛሬ ደክመሃል፣ ተው” የሚል ሰው በሌለበት ሰዓቱን ሹመን ተቀምጠናል።

እኔ ራሴ ዕድሜዬን በመንግሥት ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ወንበር ላይ አሳልፌ፣ መሮጥ የጀመርኩት በስደት ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የልቤን ምት በደብተር እጽፋለሁ። አገር ቤት ክፉ ወሬ ሰምቼ ባደርኩ ማግስት፣ አንድ እርምጃ ሳልሮጥ ምቱ ስድስትም ስምንትም ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። ሰውነት የሩጫን ድካም ከሌሊት ሥራና ከሐሳብ ድካም ለይቶ አያስቀምጥም። ሁሉንም በአንድ ሒሳብ ይይዘዋል።

ደረቱን የሚወጋው፣ የሚያዞረው ወይም የልቡ ምት የሚዘበራረቅበት ሰው ግን ሰዓቱን ሳይሆን ሐኪም ይጠይቅ።

ወዳጃችን ሳምንታት አርፎ ተመልሷል። ሌሊት በሠራ ማግስት አይሮጥም፤ ቅዳሜ ደግሞ ከእኛው ጋር ነው። አሁን ቁጥሩን ከመስማታችን በፊት ፊቱን እናያለን።